500 ዋት የቤዝ ሄድ መጣልኝ፤ የትኛው ቦክስ ይገጥማታል?

ቤዝ ከጦሳ ስር
ሰኞ፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ ነኝ። ቤዝ ጊታር ስጫወት 6 ዓመት ሆነኝ። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ እሠራለሁ፣ በሳምንቱ መሃል የባህል ምሽት ቤት። እስከ ዛሬ የምጫወተው በቤቱ ሞንታርቦ ነው። የራሴን ድምፅ ከመድረክ ላይ በደንብ ሰምቼው አላውቅም።

ሰሞኑን አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ የቤዝ ሄድ፣ ማለትም የቤዝ ድምፅ ማጉያ ማሽን፣ ይዞልኝ መጣ። ትንሽ ናት፤ 3 ኪሎ አትሞላም። ከኋላዋ «500 ዋት በ4 ኦም፣ 300 ዋት በ8 ኦም» የሚል አለ። ስፒከር ግን የላትም፤ ቦክስ መፈለግ አለብኝ።

ሁለት ቦክስ ፊቴ ነው። አንዱ የራሴ ነው። ባለ አንድ 15 ኢንች፣ አዲስ አበባ የተሠራ፣ «200 ዋት 4 ኦም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ሌላውን የሚሸጠው ወልድያ ያለ ልጅ ነው። አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከር አለው፣ 8 ኦም፣ 600 ዋት ይላል።

ሁለቱንም አንድ ላይ ብሰካቸውስ ብዬ አሰብኩ። 4 እና 8 ሲደመር 12 ነው፣ ሄዷም አትጨነቅም። ትክክል ነኝ? ነገ ማታ በራሴ ቦክስ ልሞክራት ነው።

ኮምቦልቻ ጥገና
ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ወንድሜ፣ ነገ እንዳትሰካት። የቦክሱ ጉዳይ ይቆየን። መጀመሪያ የመብራት ገመዱ የሚገባበትን ቦታ እይልኝ። ምን ተጽፏል?

አሜሪካ መብራቱ 120 ቮልት ነው። የኛ 220 ነው። ከውጭ የመጣ እቃ ተቃጥሎ ሱቄ የማይገባበት ወር የለም። ሰው በደስታ ከሻንጣ ያወጣና ዲቫይደር ላይ ይሰካዋል። በአንድ ሰከንድ ያልቃል።

ከሦስት አንዱን ታገኛለህ። «100–240» የሚል ከሆነ ራሱ ያስተካክላል፣ ሶኬቱን ብቻ ቀይር። ትንሽ መቀየሪያ ካላት በካቻቪቴ ወደ 230 ትገፋታለህ። «120» ብቻ ካለ ደግሞ ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል፤ ለዚህች ሄድ ቢያንስ 1000 ዋት የሆነ። ትንሹን ገዝተህ እንዳትቸገር።

አሁን ወደ ኦሙ፣ ቦክሱ ኤሌክትሪኩን ወደሚከለክልበት ልክ። ኦም እዚህ አይደመርም። ሄዷን ፓምፕ አድርገህ አስባት፣ ቦክሱን ቧንቧ። ሁለተኛ ቧንቧ ስትጨምርላት ውሃው በሁለት በኩል ይወጣል። መከልከያው ቀነሰ ማለት ነው። ከሄድ ጀርባ ያሉት ሁለት መውጫዎች በዚህ መንገድ ጎን ለጎን የተያያዙ ናቸው። ሁለቱን ኦም ታባዛለህ፣ ለድምራቸው ታካፍላለህ። 4 ሲባዛ በ8፣ 32። ለ12 ስታካፍለው 2.67።

ሄድህ ትልቁን ዋት የጻፈችው በ4 ኦም ነው፤ እንዲህ ያለ ሄድ ባብዛኛው ከዚያ በታች አይፈቀድለትም። 2.67 ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ፣ ወረቀቱ እውነት ከሆነ፣ አብረው አይሄዱም።

ወልድያ 4 ክር
ሰኞ፣ ማታ 3፡05

ይሄን ነገር እኔ ከፍዬበታለሁ። ሁለት ባለ 4 ኦም ቦክስ ነበረኝ። ሰርግ ላይ ሁለቱንም ሰካኋቸው። 2 ኦም ሆነ ማለት ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ድንቅ ነበር። ሙሽሮቹ ሲገቡ ድምፁ ድርግም አለ። ቀይ መብራት በራ። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ተነሳ። አሁንም ጠፋ። በሦስተኛው አልተመለሰም። ሰዉ እስክስታ ላይ እያለ ቤዝ ቀረ። የዛን ቀን ክፍያዬን ግማሹን ብቻ ነው የተቀበልኩት፣ ሄዱም ለጥገና ሦስት ወር ተቀመጠ።

ቀዩ መብራት ሲበራ ማሽኑ «አትጨክንብኝ» እያለህ ነው። ያን ጊዜ አንዱን ቦክስ ብነቅል ኖሮ ዛሬም ይሠራ ነበር።

ቤዝ ከጦሳ ስር
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

ኮምቦልቻ ጥገና፣ እግዜር ይስጥህ። ሌሊቱን በባትሪ አየሁት። ከገመዱ መግቢያ በላይ ትንሽ ቀይ መቀየሪያ አለች። 115 ላይ ናት! ልሰካት አንድ ቀን ነበር የቀረኝ። ወደ 230 ልግፋት?

ኮምቦልቻ ጥገና
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡00

አልሐምዱሊላህ። ገመዱ ሳይሰካ ግፋት። ከዚያ ፊውዙን አውጣ። ለ115 የገባው ፊውዝ ለ230 ብዙ ጊዜ በእጥፍ ይበልጣል። ከኋላው ለሁለቱም ቮልት የትኛው ፊውዝ እንደሚገባ ይጽፉበታል። ለምሳሌ በ115 10 አምፔር ከሆነ በ230 5 ይሆናል። የድሮውን ብትተወው ይሠራል፣ ግን አደጋ ሲመጣ ቀድሞ መቃጠል ያለበት ፊውዝ ሳይሆን ሄዷ ናት የምትቃጠለው።

ሌላው፣ ቴስተር አለህ? ወረቀት የተለጠፈበትን አትመን። ገመዱን ከቦክሱ ጋር ብቻ አገናኝ፣ ከሄዷ ጋር ሳይሆን። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገህ ሁለቱን ጫፎች ንካ። 4 ኦም የሚባል ቦክስ ቴስተር ላይ 3 እና 3.5 መሃል ያሳያል። 8 ኦም የሚባለው 6 አካባቢ። ቴስተር ከተጻፈው ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነበው፣ አትደንግጥ። ምክንያቱም ስፒከሩ ውስጥ የተጠመጠመውን የኮይል ሽቦ ብቻ ነው የሚለካው። ድምፅ ሲገባ ግን መከልከሉ ከኖታ ኖታ ይለያያል፤ የተጻፈው ለዚያ የሚሆን ግምት ነው።

የኪነት ዘመን
ማክሰኞ፣ ቀን 6፡20

ሁላችሁም ስለ ማቃጠል አወራችሁ፣ ጥሩ ነው። እኔ ስለ ድምፁ ልናገር።

ልጄ፣ ቦክስ ስትመርጥ አምባሰልን ከታችኛው ኢ ላይ ተጫወትበት። ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ነው። የቤዝህ ክፍት ኢ 41 ኸርዝ ነው። ቀጥሎ ያለው ኤፍ 43.7 ነው። በመሃላቸው 2.5 ኸርዝ ገደማ ብቻ ነው ያለው። ጆሯችን አብልጦ የሚይዘው እጥፋቸውን ነው፤ 82 እና 87። እሱም ቢሆን ጠባብ ነው። የአምባሰል ነፍስ ግን ያለችው እዚያች ግማሽ ድምፅ ላይ ናት። ከኤፍ ወደ ኢ ስትወርድ ሰውየው አንገቱን ይሰብራል። ቦክሱ የሚያጓራ ከሆነ ሁለቱ ኖታ አንድ ይሆናል። «ቡ፣ ቡ» ብቻ ትሰማለህ። ድምፃዊዋ እየዘፈነች ከስሯ መሬቱ ይጠፋባታል።

እኔ በወጣትነቴ የተጫወትኩት በላምፓ ሄድ፣ በመስታወት ቱቦ በሚሠራው የድሮ ማሽን፣ ነበር። ትልልቆቹ ለሁለት ሰው ነበር የሚከብዱት። እስከ ዛሬ ሰው የሚያመልከው አምፔግ ኤስቪቲ በ1969 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲወጣ 300 ዋት ነበር፤ የሚገጥመው ቦክስ ደግሞ ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ነበረው። እዩት፣ 300 ዋት ነው። ስታዲየም ያንቀጠቀጠው በዋቱ ብቻ አይደለም፣ በስምንቱ ስፒከር ጭምር ነው።

ላምፓ ሄድ ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ላምፓ ስፒከር ሳይሰካበት አይበራም። ትራንስፎርመሩ ይበላሻል። ከኋላው 4፣ 8 የሚል መምረጫ አለው፤ ከቦክሱ ጋር እኩል ታደርገዋለህ። የዛሬዎቹ ትንንሾቹ ባብዛኛው ስፒከር ባይኖርም አይጎዱም፤ የሚጎዳቸው ከተፈቀደው በታች ያለ ኦም ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

ቤዝ ከጦሳ ስር
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡10

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ግን ግራ የገባኝ አለ። የእኔ 15 ኢንች በ4 ኦም ሄዷን 500 ዋት ያስወጣታል። የወልድያው በ8 ኦም 300 ብቻ ነው። ታዲያ የእኔው አይበልጥም?

ኮምቦልቻ ጥገና
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡45

አይበልጥም። ሂሳቡን አብረን እንየው።

ከ300 ወደ 500 ዋት ሲኬድ ድምፁ የሚጨምረው 2.2 ዴሲቤል ብቻ ነው። ዋቱን እጥፍ ብታደርገው 3 ዴሲቤል ነው የምታገኘው። ለጆሮ ድምፁ በእጥፍ ጨመረ ለማለት 10 ዴሲቤል ገደማ ይፈልጋል። ያ ደግሞ ዋቱ 10 ጊዜ ሲጨምር ነው።

ቦክሱ ግን በራሱ ይለያያል። ወረቀቱ ላይ «በ1 ዋት በ1 ሜትር ይህን ያህል ዴሲቤል» የሚል ካለ እሱን ቀድመህ አንብብ። አንድ 15 ኢንች 97 ቢሆን፣ አራት 10 ኢንች ያለው ደግሞ 101 ቢሆን እንበል። ልዩነቱ 4 ዴሲቤል ነው። በ8 ኦም ያጣኸውን 2.2 መልሶ ትርፍ ይሰጥሃል። ያንተ 15 ደግሞ 200 ዋት ነው የሚችለው፤ 500ውን እሱ ላይ መጫን አትችልም።

ስፋቱን አስብ። አራት 10 ኢንች የስፒከር ወረቀት (የሚንቀጠቀጠው ፊቱ) ሲደማመር የአንድ 15 ኢንች እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ብዙ አየር ይገፋል።

ሐይቅ ሳውንድ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30

እኔ የማልስማማበት አለኝ። ትልቅ ሰርግ ላይ ሕዝቡ የሚሰማው ሞንታርቦውን ነው። ከሄዷ ጀርባ ዲአይ የሚባል መውጫ አለ። እሱን ለሚክሰሩ ስጠኝ፣ ሥራው አለቀ። ቦክሱ ለራስህ ጆሮ ነው። ለራስህ ጆሮ ደግሞ 600 ዋት አያስፈልግህም። ስቴጅ ላይ ቤዙ ሲጮህብኝ የድምፃዊዋን ማይክ ማስተካከል ያቅተኛል። ዘወትር የምጣላው ከቤዝ ተጫዋች ጋር ነው።

ወልድያ 4 ክር
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡50

ሐይቅ ሳውንድ፣ ትልቅ ሲስተም ባለበት ቦታ ልክ ነህ። ግን እኛ የምንሠራው ግማሹ ሰርግ ዳስ ውስጥ ነው። ሁለት ሞንታርቦ ለድምፃዊና ለኪቦርድ፣ ሌላ የለም። ዳስ ውስጥ ደግሞ ቤዝ ይጠፋል። ግድግዳ የለም፣ ድምፁን መልሶ የሚያመጣ ነገር የለም። ቤት ውስጥ ጥግ ላይ ያስቀመጥከው ቦክስ ሜዳ ላይ ግማሽ ሰው ይሆናል። ያኔ ቦክሱ ነው የሚሸከምህ።

የኪነት ዘመን
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡00

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ቤዝ ተጫዋቾች የሚጮኹት ድምፃቸውን ስለማይሰሙ ነው። ቦክሱ መሬት ላይ ነው፣ ድምፁ ጉልበት ላይ ይመታል፣ ጆሮ ላይ አይደርስም። ከዚያ ተጫዋቹ ይጨምራል፣ ሕዝቡ ይደነቁራል። ቦክሱን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አውጡት። የቢራ ሳጥን ደርድራችሁም ቢሆን። ቮልዩም መቀነስ ትጀምራላችሁ።

ክራሯ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡15

ሰላም ወንድሞቼ። እኔ ቤዝ ክራር ነው የምጫወተው፣ የባህል ምሽት ቤት። ፒዬዞ፣ ንዝረቱን የሚይዝ ትንሽ ማይክ፣ ተለጥፎበታል። እንዲህ ያለ ሄድና ቦክስ ለክራር ይሆናል? ሞንታርቦ ላይ ስሰካው ቀጭን ነው፣ ስጨምረው ደግሞ ይጮኻል።

ኮምቦልቻ ጥገና
ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡00

እህቴ፣ በደንብ ይሆናል። የሚቀጥነው ፒዬዞ ሚክሰር ላይ በቀጥታ ሲሰካ ታችኛው ድምፁ ስለሚቆረጥ ነው። ብዙ የቤዝ ሄዶች መግቢያቸው 1 ሜጋ ኦም ስለሆነ ለፒዬዞ ይመቻል። ትንሽ ፕሪአምፕ (ምልክቱን ቀድሞ የሚያጎላ) በመሃል ካለማ ደግሞ ማሻአላህ ነው። የሚጮኸው የክራሩ ገበታ ከቦክሱ ጋር ስለሚነጋገር ነው። ቦክሱን ከኋላሽ አታድርጊው፣ ወደ ጎን አዙሪው። ታችኛውን ባስ ቁልፍ ትንሽ ቀንሺለት።

ቤዝ ከጦሳ ስር
ሐሙስ፣ ማታ 2፡20

ሰዎች፣ የማይታመን ነገር ነው የተገኘው።

ዛሬ ቴስተር ተውሼ የራሴን 15 ኢንች ለካሁት። «4 ኦም» የሚለው ቦክስ 6.2 አሳየኝ! ደግሜ ደጋግሜ ለካሁ። 6.2። ከዚያ ትዝ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ተቃጥሎብኝ ኮይሉን አስጠምጥሜው ነበር። የጠመጠመው ሰው ምን እንደጠመጠመ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ወረቀቱ የድሮው ነው። ስፒከሩ 8 ኦም ሆኗል ማለት ነው።

ወልድያም ሄጄ ያን ቦክስ አየሁት። 5.9። በደንብ የተያዘ ነው። ጋሼ እንዳሉት አምባሰልን ቀስ ብዬ ከኤፍ ወደ ኢ ወረድኩበት። ሁለቱ ኖታ ለየብቻ ቆመው ነው የተሰሙኝ። ቦታው ላይ ተስማምተን ይዤው መጣሁ።

አሁን ሁለቱም 8 ከሆኑ አንድ ላይ 4 ይሆናሉ። ይቻላል ማለት ነው? ማታ ሰክቼ ሞከርኩ፣ አልሞቀችም፣ ቀይም አልበራም። ግን ያስገረመኝ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ቤዙ ሳሳ። ወልድያው ብቻውን ሲሆን ይወፍራል። ሁለት ቦክስ ከአንድ እንዴት ያንሳል?

ኮምቦልቻ ጥገና
ሐሙስ፣ ማታ 2፡45

ጠምጣሚው ሲበይድ ሽቦዎቹን ገልብጧቸዋል። አንዱ ቦክስ አየሩን ወደፊት ሲገፋ ሌላው ወደኋላ ይስበዋል። እርስ በርስ ይጠፋፋሉ።

የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ውሰድ፣ ባለ 1.5 ቮልት። ከሄዷ የነቀልከውን የቦክሱን ገመድ ፖዘቲቩን ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ ለአፍታ ንካ። የስፒከሩን ወረቀት እይ። ወደ ውጭ ከወጣ ትክክል ነው፣ ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። ከጀርባው ሁለቱን ሽቦ አቀያይር።

ሰክተህ ስትጫወት ግን አንድ ነገር አስብ። ሁለቱም 8 ኦም ስለሆኑ ዋቱን እኩል ይካፈላሉ፣ 250 ለ250። የአንተ 15 ደግሞ 200 ነው የሚችለው፣ እሱም ከመጠምጠሙ በፊት። አራቱ 10 ኢንች ገና እየተጫወቱ 15ቱ ቀድሞ ይደክማል። ባስ ቁልፏን አትክፈታት። 6 ዴሲቤል ስትጨምር 4 እጥፍ ዋት ነው የምትጠይቀው፤ ወረቀቱን የሚቀደው እሱ ነው።

ገመዱስ ምንድነው የተጠቀምከው?

ቤዝ ከጦሳ ስር
ሐሙስ፣ ማታ 3፡00

ለጊታር የምጠቀምበትን ጃክ ገመድ ነው።

ኮምቦልቻ ጥገና
ሐሙስ፣ ማታ 3፡05

አሁኑኑ ንቀለው። የጊታር ገመድ ውስጡ አንድ ፀጉር የመሰለ ሽቦ ነው፣ ዙሪያው ሽፋን። ትንሽ ምልክት ለማድረስ እንጂ 300 ዋት ለመሸከም አልተሠራም። ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ ሾርት ያደርጋል። ሁለት እኩል ወፍራም የመዳብ ሽቦ ያለው ግዛ፣ 2.5 ሚሊ የሚባለውን። ሄዷ ስፒኮን ካላት ስፒኮን አድርግ። ገብቶ ይጠመዘዛል፣ ሰው ቢረግጠውም አይወጣም። ቅዳሜ ኮምቦልቻ ከመጣህ እኔ እበይድልሃለሁ።

ቤዝ ከጦሳ ስር
ሰኞ፣ ጠዋት 3፡40

ኮምቦልቻ ወርጄ ገመዱን አሠራሁ። ባትሪው ላይ የ15 ወረቀት ወደ ውስጥ ነበር የገባው፣ ተገልብጦ ነበር። አስተካከልነው። አሁን ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ቤቱ ይንቀጠቀጣል።

እሁድ ሰርግ ነበር፣ ሐይቅ አቅጣጫ፣ ዳስ። ሁለቱንም ጭኜ ሄድኩ። ሳውንድ ቼክ ላይ ባቲ ተጫወትን፣ ያምራል። ከዚያ አምባሰል ጀመርን። ኤፍና ኢ ተዋጡ። የ15 ጉርምርምታ ነው የዋጣቸው። 15ቱን ነቀልኩት። አራቱን ባለ 10 ኢንች የሁለት ቢራ ሳጥን ላይ አወጣሁት፣ ጆሮዬ ትክክል ሆነ። ባስ ቁልፏን መሃል ላይ ተውኳት። ቮልዩሙ ከግማሽ በታች ነበር።

ችክችካው ሲገባ የቀኝ እጄን ጣቶች አንድ በአንድ ሰማኋቸው። 6 ዓመት ሙሉ ምን እየተጫወትኩ እንደነበር ትናንት ነው ያወቅኩት። ድምፃዊዋ መሃል ላይ ዞራ አየችኝ። ዕረፍት ላይ «ዛሬ መሬት ላይ ቆሜ ዘፈንኩ» አለችኝ።

ሐይቅ ሳውንድ
ሰኞ፣ ቀን 7፡10

ዳሱ ጀርባ ሆኜ ሰማሁህ፣ እዛው ሰፈር ነበርኩ። ቤዙ ከሩቅ ይለያል። ሰርጋችሁ ሲስተም ቢኖረው ኖሮ ያንኑ ድምፅ ከዲአይዋ ወስጄ ሳልነካው ነበር የምለቀው።

ወልድያ 4 ክር
ሰኞ፣ ማታ 1፡20

ያን ቦክስ የሸጠልህ ልጅ ጓደኛዬ ነው። ወንድሙ ጋር የሱ መንትያ ቦክስ አለ፤ ያው አራት 10 ኢንች፣ ያው 8 ኦም። እየጠየቅኩልህ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ 4 ኦም ይሆናል፣ ስፒከራቸውም አንድ ዓይነት ስለሆነ ማንም ማንንም አይቀድምም።

ቤዝ ከጦሳ ስር
ሰኞ፣ ማታ 1፡35

ጠይቅልኝ። 15ቱን ለልምምድ ቤት እሰጠዋለሁ፣ ወረቀቱንም አንስቼ «8 ኦም» ብዬ ጽፌበታለሁ። የመንትያውን ዋጋ ከማውራታችን በፊት ግን ቴስተር ይዤ እመጣለሁ።